የኡመር ምሳ

ጥር 26፣ ማክሰኞ ማታ

ስኳሩን በባዶ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ደበቅኩት። ባሌ አገኘው። ግን ሲያስነጥስ ተያዘ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ ማንኪያ በእጁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጓዳ መሃል ቆሟል። ልቆጣ ነበር፤ ሳቄ ቀደመኝ።

ማስታወሻዬ፣ አንቺ ነገር አታመላልሺም፤ ለዚህ ነው ላንቺ የምነግርሽ። ባሌ ኡመር ስኳርና ኮሌስትሮል አለብህ ከተባለ ሁለት ወሩ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ጀውሃ ላይ ጮማ ጥብስ፣ ካራቆሬ ላይ ስኳሩ የበዛ ሻይ እያለ ያጠራቀመው ነው። አሁን መሪውን ትቶ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማሾ ያለማል። ዶ/ሩ ጮማ፣ ቅቤ፣ ነጭ ዳቦና ስኳር ቀንስ አለው። ቀንስ የሚለውን እኔ ተው ብዬ ነው የተረጎምኩለት። አራተኛ ክፍል አስተምር የለ፣ ትርጉም አያቅተኝም።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ማሾ ወጥ ሠራሁ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፤ ዘይት ጠብ ብቻ። ኡመር አኮረፈ። ማሾ እኛ ጋ ለነጋዴ የሚሰፈር እህል ነው፤ ዘርተን፣ ለቅመን፣ በኩንታል እንሸኘዋለን። ለምሳ ማቅረብ ብር ቀቅሎ እንደ መብላት ነው አለኝ። ከዚያ ሳህኑን ጠራርጎ በላ። ክፉ አይደለም አለ። ከኡመር አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው፤ በትዳር የኖረ ያውቀዋል።

ጋሼ ታደሰ በአጥር በኩል ሰምተው ሳቁ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ድሮ የደሴ አውቶቡስ ሹፌር፣ ዛሬ ጡረተኛ። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፣ የቆየ። በመርፌ ነው የሚኖሩት፤ ተወግተው ካልበሉ ስኳሩ ይወርድባቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ወጡን በትንሽ ሳህን በአጥር አሻገርኩላቸው። ኡመር ምሳዬን አካፈልሽብኝ ብሎ አጉረመረመ፤ ውሸቱን ነው፣ ይወዳቸዋል።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ቀጠሮ ነበር። ስኳሩ ትንሽ ወረደ፤ ኮሌስትሮሉ ንቅንቅ አላለም። ዶ/ሩ ስለ ረመዳን አነሳ። ኪኒኑ ከጾም ጋር አይስማማም፤ ሳይበሉ ከዋሉ ስኳሩ ድንገት ይወርዳል፣ ራስ ያስታል፣ የከፋም ያመጣል። ስለዚህ አትጾምም። በቃ።

በባጃጅ ስንመለስ ኡመር ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ መጣ። አሊዩ አምባ፣ አያቱ ቤት፣ በሰባት ዓመቱ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያልፈታው ጾም ነው። መኪና እየነዳ ጾሟል፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ ጾሟል። ይህን ሰው እንዳላጣው እፈራለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት፣ ቀለል ካለኝ ብዬ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ነገ ረመዳን ይገባል። ሼኹ ዘንድ ሄድን። በለዘብታ አስረዱት፤ አላህ በሽተኛን አያስጨንቅም፣ በሽታው የማይለቅ ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ችግረኛ ያበላል፣ ፊድያ ይሉታል። ኡመር እሺ አለ። ወዲያው! አንድ ሸሚዝ ለመቀየር ሦስት ቀን የሚከራከረኝ ሰው። እሺታው አልጣመኝም።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ቤት ሰው ይገባል፣ ሲበላ ቢያዩት ያፍራል። ስለዚህ ምሳ ዕቃ ቋጥሬ እሰጠዋለሁ፣ ማሳው ላይ ይበላል።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ምሳ ዕቃው ባዶ እየመጣ ነው። ያውም ታጥቦ! ኡመር ዕቃ አጠበ ብዬ ለት/ቤት ሴቶች ሁሉ አወራሁ። አንዷ ምን አብልተሽው ነው አለችኝ። ማሾ፣ ጎመን፣ ግማሽ የማሽላ እንጀራ።

ሊነጋ ሲል ለሰሑር ስነሳም አብሮኝ ይነሳል። ብቻሽን አትብዪ ይላል፤ ኪኒኑንም ያኔውኑ ይውጣል። ኮራሁበት። ከሳ ደግሞ፤ ሱሪው በቀበቶ ነው የቆመው። ምግቡ ሠራ ማለት ነው። ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምተኛው።

የካቲት 19፣ ሐሙስ፣ 11 ሰዓት

ኡመር ወደቀ።

ጋሼ ታደሰ ሽንኩርት ሊገዙ ማሳው ድረስ ሄደው ነው ያገኙት። ቦይ ዳር ተቀምጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ምላሱ ተሳስሮ። ስማቸው ጠፍቶበታል። እሳቸው ወዲያው ገባቸው፤ በራሳቸው ደርሶ ያውቃል። ከረሜላ ከኪሳቸው አይለይም። አንድ፣ ከዚያ ሌላ አፉ ውስጥ ከተው አስመጠጡት። ነቃ ሲል ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጡት። ጤ/ጣቢያ ወስደነው መጣን። አሁን ተኝቷል። አልሐምዱሊላህ።

ጤ/ጣቢያ ላይ አመነልኝ፤ ምሳውን በልቶት አያውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሽንኩርት ለሚያርሙት ሴቶች ሕፃናት ይሰጣል፣ ዕቃውን ቦይ ላይ አጥቦ ይመልስልኛል። ሰሑር የሚነሳውም ሊጾም ኖሯል። እኔ ሞኟ ለፍቅር መስሎኝ።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ጮህኩበት። ልትገድለኝ ነው አልኩት፤ አንተ አንዴ ትሞታለህ፣ እኔን ነው በቁሜ የምትቀብረኝ። ጎረቤት ሰማ፣ ይስማ። እሱ ምግቡ አይወርድልኝም አለ። ከተማው ሁሉ ጾሞ ይውላል። የእኛ ረመዳን፣ የክርስቲያኑም ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ገብቷል። በእኩለ ቀን የሚያኝክ ሰው በሸዋ ሮቢት ካለ እሱ ብቻ ነው። ቁራሹ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። እንደ ሌባ እየተደበቅኩ እንዴት ልብላ አለኝ። ቁጣዬ ሁሉ የት እንደ ገባ እንጃ።

ጋሼ ታደሰ ሊጠይቁት መጥተው በር ላይ ሰምተውናል። ገብተው ቁጭ አሉና ዓመታት የደበቁትን አወጡት። የነፍስ አባታቸው በመርፌው ምክንያት ሰዓቱን አንስተውላቸዋል፤ ከሥጋና ከቅቤ ይጾማሉ እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቆዩም። ይህን ማንም አያውቅም። በየጾሙ በራቸውን ቀርቅረው፣ ሬዲዮ ከፍተው፣ ብቻቸውን ሲበሉ ኖረዋል። ለካ ቀን ቀን ሬዲዮው የሚጮኸው ለዚህ ነው!

«ሁለት ሌባ ከምንሆን አብረን እንብላ» አሉት።

በበዓል የእኛን ሥጋ እሳቸው አይበሉም፣ የእሳቸውን እኛ አንበላም፤ ሁሉም በየቤቱ ነው፣ እንደ ወጉ። አሁን ግን ጾሙ ለእሳቸው፣ ኮሌስትሮሉ ለኡመር ሥጋና ቅቤውን ከልክሎልኛል። አንድ ድስት፣ አንድ ትሪ። ከነገ ጀምሮ እኛ ጓሮ፣ ከፓፓያው ሥር።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ይበላሉ። ሁለቱም! ቅዳሜና እሑድ ቤት ስለምውል በዓይኔ አየሁ፤ በት/ቤት ቀኖችም ቢሆን ሁለቱ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።

ችግሩ ጨው ነው። እኔ ጿሚ ነኝ፣ ወጡን አልቀምስም። በግምት እጨምራለሁ። ቅዳሜ ጋሼ ታደሰ ዛሬ ቀይ ባሕር ገብተናል አሉ። እሑድ ቀነስኩ፤ ኡመር የሕመምተኛ ምግብ መሰለ አለ። ሕመምተኛ አይደለህም እንዴ ብለው ጋሼ ታደሰ ጎሸም አደረጉት። ሳቁ። ስለ ድሮ መንገድ፣ ስለ ጠርማበር ጭጋግና ስለ ተበጠሰ ፍሬን ይጨቃጨቃሉ፤ ማን በደንብ ይነዳ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። እንጀራው እንዳይበዛ ግን አንዱ የሌላውን እጅ ይጠብቃል። ከእኔ የባሱ ዘበኞች ናቸው።

በረሃብ አንጀቴ እየጮኸ ከጓዳ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ረመዳን አሳልፌ አላውቅም። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

መጋቢት 4፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

የረመዳኑ የመጨረሻ ጁምዓ። ከመስጊድ ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ዓርብ ከሰዓት ክፍል ስለሌለኝ ቤት ነኝ፤ ትሪው ቀርቧል፣ ጋሼ ታደሰ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ኡመር ግን ቆመ። ዛሬን ልጾም ነይቻለሁ አለ። ጠዋትም አልበላሁም፣ ኪኒኑንም ትቼዋለሁ፣ አስቤበታለሁ፤ አንዲት ጁምዓ ብቻ። ድምፁ የልመና ነበር። ኡመር እኔን ለምኖ አያውቅም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። እሺ ልለው ነበር። ዶ/ሩም፣ ሼኹም፣ የቦዩ ዳር ላብም ከአእምሮዬ ጠፉ። ፊቱን ብቻ አየሁ።

ጋሼ ታደሰ እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሱ። መርፌዬን ተወግቻለሁ፣ ብቻዬን አልበላም አሉ። ኡመር ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ጊዜው ሄደ። ብላ እንጂ አንተ ሰውዬ ይላል ኡመር፤ እሳቸው ፓፓያውን ያያሉ። ላጎርሳቸው ሞከርኩ፣ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ከረሜላውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ እኔ ገፉት፣ ደብቀው ይመጣሉ ብዬ እንዳልጠረጥራቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ ጣታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኡመር ያን ላብ ያውቀዋል፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«በሞቴ ብላ» አሉት።

ይቺን ቃል በየገበታው ስሰማ ነው ያረጀሁት። ፈርቻት አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ፈራኋት።

ኡመር ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለ። ቢስሚላህ ብሎ ጠቀለለ፣ መጀመሪያ ጋሼ ታደሰን አጎረሰ። ደገመ። ከዚያ ራሱ በላ። እያለቀሰ ነው የበላው፣ ጢሙ ረጠበ። ጋሼ ታደሰ ላባቸው ሳይደርቅ ዛሬም ጨው የለውም አሉ። ኡመር እብድ ሽማግሌ ብሎ ሰደባቸው። ሌላም ስድብ ጨመረ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ረመዳን ነው።

እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ጾሜን እንባ አይፈታውም።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ ማታ

ነገ ዒድ ነው። ጠዋት ሆስፒታል ሄደን ነበር። ስኳሩም ኮሌስትሮሉም ወርዷል። ገና ይቀረዋል፣ ግን ወርዷል። ዶ/ሩ ምን ስትበላ ነበር ብሎ ጠየቀው። ኡመር ደረቱን ነፍቶ ማሾ አለ፣ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል።

ማምሻውን መስጊድ ግቢ ውስጥ በሰው ፊት ተናግሯል። ዘንድሮ ጾሙን ትቼዋለሁ፣ ስኳር አለብኝ፣ ፊድያዬን አውጥቻለሁ ብሎ። ማንም ምንም አላለውም። ሲወጣ ሁለት ሰዎች ተከትለውት እኛም አለብን፣ ዶ/ሩ አትጹሙ ብሎናል፣ ደብቀን እየጾምን ነው አሉት። አንደኛው ባለፈው ሳምንት ወድቋል። ኡመር ምን እንዳላቸው ጠየቅኩት። ምሳ ጋበዝኳቸው አለኝ። ታዲያ ትሪው ይበቃል? ትልቁን አውጪው አለኝ።

ወስኗል። ከአሁን በኋላ ጓሮ አይበላም፣ በረንዳ ላይ ነው፣ ማንም ይየው። ይሄንን ደግሞ ጻፊው አለኝ፤ በሚመጣው ረመዳንም፣ ካለሁ፣ ምሳዬን ከታደሰ ጋር እበላለሁ።

ጻፍኩት። «ካለሁ» የምትለዋን ግን ሰረዝኳት፣ በቦታዋ ኢንሻአላህ አልኩ።