ለአባትሽ ጉልበት የተጻፈ ዜሮ

ልጄ ጀዊሪያ፣ አሰላሙ አለይኩም። የምታስታምሚያቸው ሁሉ የሚመርቁሽ ነርስ ያድርግሽ። ቆቦ ዘንቧል፣ ማሽላውም ደህና ይዟል። የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

ማክሰኞ አባትሽን ለጉልበቱ ክሊኒክ ወሰድሁት። ባለሙያው አራተኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነው። ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ከዜሮ እስከ አስር ሕመምዎ ስንት ነው?» አለው። አባትሽ እንደ ልማዱ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለ። ልጁ ዜሮ ጻፈና ከእኛ በፊት ለገባችው ጥርስ ታማሚ ያዘዘውን ያንኑ ክኒን አዘዘለት።

«ዜሮ ከሆነ ክኒኑ ለምንድን ነው?» አልሁት።

«ቲቸር፣ የነገሩኝን ነው የጻፍሁት።»

«እሱ አላህን አመሰገነ እንጂ ስለ ጉልበቱ መች ነገረህ? ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ዝም ላለ ተማሪ ሁሉ ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም። ሱጁድ መውረድ ይችል እንደሆነ ጠይቀው።»

ጠየቀው። አባትሽ መሬት መሬት እያየ፣ «ከረመዳን ወዲህ ግንባሬ ምንጣፍ ነክቶ አያውቅም» አለ። ለእኔ ወንበር ላይ የሚሰግደው ደክሞት እንደሆነ ነበር የነገረኝ።

ልጁ ዜሮውን ሰርዞ ጉልበቱን መመርመር ጀመረ፤ መድኃኒቱንም ቀየረለት። ሚስቱ አስተማሪ ያልሆነች ሰውስ ዜሮውን ይዞ ሊመለስ ነው?

ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ሕመምተኛን እንደየኑሮው የምትጠይቁበትን መንገድ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ለልጁ እሰጠዋለሁ። አላህ እጅሽን መድኃኒት ያድርገው። ለአባትሽ ስትደውይለት ደግሞ፣ እባክሽ፣ ደህና ነህ ወይ አትበይው። ዛሬ እንዴት ሰገድህ በይው።

እናትሽ ኡሙልኸይር