እሳትሽ በዝቷል አሉኝ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ዛሬም ዴንሃግ፣ ልጄ ቤት። ዛሬም ዝናብ። ልጄ ሃፍሳ ሥራ፣ ልጇ ኑስራ ትምህርት ቤት፣ እኔ ከመስኮቱ ጋር። ለጉልበቴ ብላ ነበር ከቤቴ ያመጣችኝ። ጉልበቴ ዳነ፣ ልቤ ጀመረ። ድው ድው... ዶክተሩ መርምሮ ምንም የለም አለ።
ማታ ሃፍሳ፣ "እማ፣ ቢልመር ያለውን የኪራይ ቤትሽን በዚህ ወር ለአከራዮቹ ብንመልስላቸውስ? እዚሁ ከኔ ጋ ትሆኛለሽ" አለች። ዝም አልኩ። እኔ፣ ዝም!

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
ቻይናዊት ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። በመርፌ የምታክም። ምላስሽን አውጪ አትለኝም! በዚህ ዕድሜዬ ለማላውቃት ሴት ምላሴን ላውጣ? አወጣሁ፣ ምን ላድርግ።
እንቅልፍስ? ትላለች። "አልሐምዱሊላህ።" ልብሽስ? "አልሐምዱሊላህ።" ሆድሽስ? "አልሐምዱሊላህ።" ታዲያ ለባዳ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አስተርጓሚዬ ሃፍሳ ግን የራሷን ታወራላታለች። "ትቆጣለች፣ ሚጥሚጣ ታበዛለች፣ ወሬ አይበቃትም።"
ግድግዳው ላይ ክብ ሥዕል አለ። እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት፣ ውሃ። አምስቱም ሰው ውስጥ አሉ አለች። እሳት የልብ ነው፣ የምላስም፣ የሳቅም። እንጨት ይመግበዋል፣ ውሃ ያበርደዋል። የኔ እሳት በዝቷል አሉ። ሚጥሚጣ ይቅር፣ መራራ ቅጠል ብይ፣ ቀትር ላይ እረፊ፣ ወሬ ቀንሺ።
ወሬ ቀንሺ! ከማን ጋር አውርቼ?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
መራራ ቅጠል። አንዳይቪ ይሉታል። ፍየል ነኝ እንዴ?
ሚጥሚጣዬን ቁምሳጥን አናት ላይ ሰቀለችብኝ። ለኔ ብላ ነው እኮ... እሱ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ብትሆን እሳደብ ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14
አበባይሽ ደወለች። የቢልመር ጎረቤቴ። ክርስቲያን ናት፣ በሬን ሳታንኳኳ ሥራ አትሄድም ነበር።
"እትዬ ኡሙልኸይር፣ ቤቱን ሊለቁ ነው?"
"ማን አለ?"
"ሃፍሳ። ደሞ ቀን ቀን አትደውይ አለችኝ፣ እሳትዎ እንዳይነሳ።"
"የምን እሳት! በርዶኝ ልሞት ነው እቴ!"
ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ... ልቤ ጸጥ ብሏል። ወይ ጉድ።
ይኼን ለሐኪሟ ማን ይንገራት? አልሐምዱሊላህ ብዬ አፌን ዘግቼ!

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20
ድጋሚ ሄድን። ትራም ውስጥ ሃፍሳን፣ "ዛሬ የምለውን ብቻ ንገሪያት፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ" አልኳት።
እንቅልፍስ? "የለም።" ልብሽስ? "ቤቱ ጭር ሲል ይመታል። ልጄ ጥሩ ናት። ግን ጠዋት ወጥታ ማታ ደክማ ነው የምትገባው፣ ልጇም ጆሮዋ ላይ ሽቦ ሰክታ። ከሰው ሳላወራ ይመሻል።"
ሃፍሳ ግማሹን ተርጉማ ቆመች። "እማ፣ ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?"
"መች ጠየቅሽኝ? ያው እሷ ጠየቀችኛ! ንገሪያት። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም በያት።"
ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነገረቻት። ሴትዮዋ የሁለቱንም እጄን የደም ምት ዳሰሰች። ባለፈው ተሳስቻለሁ አለች። እሳቱ አልበዛም፣ እንጨት አጥቶ ነው። ሊጠፋ ሲል ነው እንዲህ የሚንቦገቦገው። ውሃ አታፍሱበት።
ስንመለስ ሃፍሳ ፊቷን ወደ ትራሙ መስኮት አዞረች። ተቀየመችኝ? ጌታዬ፣ አበዛሁት ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29
ቢልመር። ቤቴ አቧራ በአቧራ። ሃፍሳ ወለሉን ወልውላ ስትጨርስ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠች። ከዛ ሚጥሚጣዬን ከቦርሳዋ አወጣች። "ቤቱ አይመለስም። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ግን ቅጠሉን ትበያለሽ!" አሁንም አዛዥ ናት። በላሁላት፣ በሚጥሚጣ።
እሷ እንደሄደች በሩ ተንኳኳ። አበባይሽ።
"እንዴት ሰነበቱ እትዬ?"
አልሐም... ልል ነበር፣ ልማድ። ተውኩት።
"ግቢ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። "ልንገርሽ።"