ነጩ ገጽ

«ሁለት ዓመት የሞላው ሶፍትዌር ሬሳ ነው፤ ቶሎ መቅበር ነው!» ሲል አንድ ጎረምሳ እዚህ ነገሌ መናኸሪያ ለጓደኛው ሲያስረዳ ሰማሁት። ነገሩን እንዳለ ተቀበልኩት። እኔ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ እስካሁን ሳልቀበር መቆየቴ ገረመኝ።

ወንድሜ ወንዶሰን፣ ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ባለቤትህ ሚስጥር ደህና ናት? ሕፃኗ ሉሲስ ጥርስ አወጣች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። በወረቀት የጻፍኩልህ ናፍቆት ይዞኝ እንዳይመስልህ። ስልክ ብደውል ምክር ታበዛብኛለህ፤ በአንዱ መተግበሪያ ብፈልግህ ወደ ሌላ ተዛውሬያለሁ አልክ፤ እዚያ ብመጣ ያንንም ትተኸዋል። ቤትህን ግን ገና ስላልቀየርክ ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ሾፌር እሰጣለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። የአርቢዎች ማኅበራችንን ድረ ገጽ እኔ በእጄ ስጽፈው፣ ፓምፓቸው የተበላሸ ጉድጓዶችን ስም ብቻ የሚያሳይ፣ ጌጥ የሌለው ነገር ነበር። እዚህ ከብት የሚነዳ ሰው ማወቅ የሚፈልገው የተዘጋውን ነው። ስም ካልተጻፈ ሁሉም ውሃ አለው ማለት ነው። አንተ አምና ለጥምቀት መጥተህ «ኧረ አምሀ፣ ይሄ እኮ የጥንት ነው፣ ሰው ያያል!» ብለህ በአዲስ የሶፍትዌር መሣሪያ ሠራኸው፤ የይለፍ ቃሉንም ቀይረህ ይዘኸው ሄድክ። ያንን መሣሪያ ለምጄ ሳልጨርስ በሌላ ለወጥከው፤ ባለፈው ወር ደግሞ ሦስተኛ አመጣህ። ምክንያትህ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አሁን ሁሉም ወደዚህ ሄዷል።» እነዚህን ሁሉም የምትላቸውን ሰዎች አንድ ቀን አስተዋውቀኝ። ነገሌ አልደረሱም።

ሦስተኛው ገጽ በእኔ ስልክ ያምራል። በሽማግሌው አርቢ በኦቦ ጎሊቻ አሮጌ ስልክ ግን ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኦቦ ጎሊቻ ነጩን አይተው «ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ የተዘጋ የለም» አሉና በዚህ ድርቅ መንጋቸውን ከሊበን ሜዳ ወዲያ ወዳለው ጉድጓድ ነዱ። የዚያ ጉድጓድ ፓምፕ ከተቃጠለ ሰንብቷል። ከብቶቹ ሳይጠጡ ሲመለሱ ሦስት ላሞችና ጥጆቻቸው መንገድ ላይ ሞተው ቀሩ። ሽማግሌው ቢሮዬ መጥተው አልጮኹም። «አካም አምሀ፣ ናጋዳ?» ብለው ደህንነቴን ከጠየቁ በኋላ ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ይሄ ወንድምህ ላሞቼን የት ያውቃቸዋል? ምን አደረጉት?» አሉኝ። ጥያቄውን ላደርስልህ ደወልኩ። አንተ ግን «ታዲያ ስልካቸውን አይቀይሩም?» አልክ።

ስለዚህ የይለፍ ቃሉን በዚሁ ሾፌር እጅ ጽፈህ ላክልኝ። ምክር አትጨምርበት። የድሮውን ገጽ እመልሰዋለሁ፤ ከእንግዲህ እጅህ እንዳይነካው። ለፋሲካ ስትመጣ ቤቱ ቤትህ ነው፣ አልጋህም ይነጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ይቆለፋል።

ለሚስጥር ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷን አልተቀየምኳትም። ሉሲን ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ «ልጄ ከስቶ ይሆናል» እያለች ትብሰለሰላለች፤ እኔ አልመሰለኝም። ባለቤቴ ዘርፌ ሰላም ብላሃለች። ኦቦ ጎሊቻም ሰላም ብለውሃል፤ አሁን መንጋው ከመነሳቱ በፊት ውሃውን አይቶ የሚመለስ ሰው በሞተር ብስክሌት ይልካሉ። ሌሎቹም አርቢዎች እንደዚያው ያደርጋሉ። ገጹን ከእኔ በቀር የሚከፍት የለም።

ወንድምህ አምሀ
ነገሌ ቦረና፣ ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም.