በሠላሳ ሦስት ዙር የዘፈነችው እህቴ

ደግሞ «ጆሮ የለህም» ብለኸኝ በሩን ወርውረህ ወጣህ! መልሱን እንግዲህ ከወረቀት አንብበው።

ከትናንሽ አሳታሚዎች ብርቅዬ የፖስት-ፓንክና የኤሌክትሮኒክ ዘፈኖችን ለቅመህ ስብስብ ልታሳትም ስድስት ወር ደከምክ። ሊቁ፣ ሰባተኛውን ዘፈን በተሳሳተ ፍጥነት ነው የቀዳኸው። ከሳጥኔ ያወጣኸው ሸክላ በደቂቃ አርባ አምስት ዙር ነው፤ አንተ በሠላሳ ሦስት አጫወትከው፤ ሲንቀራፈፍ የሴቷ ድምፅ የወንድ መሰለህ። የስብስብህ ሽፋን ላይ «ማንነቱ ያልታወቀ፣ ሐዘን ያጎበጠው ወንድ» እያልክ አንድ ገጽ ሙሉ የተፈላሰፍክበት ሰውዬ ታላቅ እህቴ ናት። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። «የመቃብር ደወል» ያልከውም የልጆች መጫወቻ ፒያኖ ነው።

«የጥልቀት ጉዳይ ነው፣ አይገባህም» አልከኝ። እውነትህን ነው፤ የጅል ጥልቀት አይገባኝም።

ሁለት ወር ከክፍሌ ሆኜ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ዝም ማለቴ ግን ልክ አልነበረም። ስትፈላሰፍ መስማት ጥሞኝ ነው።
ተወው።

እህቴ ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምናው ወዲህ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ድምፅዋ የቀረው እዚያ ሸክላ ላይ ብቻ ነው። አታሚዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሉ፤ ደውልና አስቁማቸው። ከዚያ እንደገና ቅዳው። የማጫወቻውን ፍጥነት አስተካክዬልሃለሁ፣ እጅህን አታስገባበት። ስትጨርስ ሸክላውን ራስህ ውሰድላት፤ ሐዘንተኛህን በዓይንህ ታየዋለህ።

የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ጠዋት ጠዋት ድፋ።
ስትነዘንዘኝ የከረምክበት የማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያም ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።