የአባባ የመዳብ ቱቦ

ለውድ ወንድሜ ሩሪ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሄዘርና ልጆቹስ እንደምን ናቸው? የበጎቹ መሸለቻ ደርሶ ወገብህ እንዳስቸገረህ ሰማሁ፤ አሁንስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን። አባባ ሰማንያ አራት ዓመት ቢጫነውም በእግሩ ይሄዳል። እኔም ጤነኛ ነኝ፤ ውስጤ ብቻ ሰላም የለውም፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

ውስኪ ፋብሪካው ለጎብኚ ከተከፈተ ጀምሮ አስጎብኚ መሆኔን ታውቃለህ። መሥራቹ ገበሬ ከቀረጥ ሰብሳቢ ተደብቆ በገደል ሥር ውስኪ ማንጠር ከጀመረበት ተነስቼ፣ አባባ ለብቅል የተዘረጋውን ገብስ በአካፋ ይገለብጥበት እስከነበረው ወለል ድረስ እተርካለሁ። ያልነገርኩህ መጨረሻ ላይ የማሳየውን ነው። ድሮ በፋብሪካው ይቀመጥ በነበረው የቀረጥ ሹም አሮጌ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የመዳብ ቱቦ ተገኘ፤ ሠራተኞቹ ሱሪያቸው ውስጥ አንጠልጥለው ውስኪ ሰርቀው የሚያወጡበት፣ ከእግር ስለማይለይ «ውሻ» የሚሉት። የአባባን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ጎኑ ላይ ሳይ፣ ዝም ማለት ሲገባኝ፣ በእሱ ሲሰርቅ የተያዘበትን ታሪክ ለሥራ አስኪያጇ ለወይዘሮ ጋልብሬዝ ዘረገፍኩት። የደበቅኩት ስሙን ብቻ ነው፤ እሷም የጉብኝቱ መዝጊያ አደረገችው።

ሹሙ አባባን «እግርህ ለምን አይታጠፍም?» ሲለው «ቁርጥማት ነው ጌታዬ» ማለቱን፣ «እንግዲያው እስቲ ጨፍርልኝ» መባሉን ስነግራቸው ጎብኚዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከዚያ «ተመክሮ ተለቀቀና እየዘፈነ ቤቱ ገባ» ብዬ ብርጭቆ አድላለሁ። መባረሩን፣ የፋብሪካውን ቤት በሳምንት ውስጥ መልቀቃችንን፣ አንተም በዚያው ሰበብ በአሥራ ሰባት ዓመትህ መርከብ ተሳፍረህ ከአገር መውጣትህን አልናገርም።

በወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ጡረተኛ በነጻ ይገባል። ባለፈው ሐሙስ አባባ ሳይነግረኝ ከጎረቤታችን ከአንገስ ጋር መጥቶ ከጀርመን ጎብኚዎች ኋላ ቆሞ አየሁት። ታሪኩን ጀምሬው ነበርና ማቆም አልቻልኩም። አንዷ ሴትዮ «ሰውየው ኋላ ምን ሆነ?» ብትል፣ እኔ ሳልመልስ አባባ «አሁንም ያነክሳል» አላት። ሁሉም ሳቀ። አንገስ ደግሞ «አንተ ሽማግሌ ሌባ!» ብሎ በክርኑ ጎሰመው።

ቤት ስንመለስ ይቅርታ ጠይቄ ቱቦውን አስነሳዋለሁ አልኩት። «ተይው» አለኝ። «ከዚያ ግቢ አንድ ጊዜ ተባርሬያለሁ፤ አንቺ ደግሞ ሁለተኛ አታስባርሪኝ። ግን ስሚ ልጄ፣ እኔ እየዘፈንኩ አልገባሁም። እናትሽ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር።» ቢቆጣኝ በቀለለኝ።

ከዚያ ወዲህም፣ አፍሬ ነው የምነግርህ፣ እዚያ ቦታ ስደርስ ምላሴ የለመደውን ይላል። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል። አባባ ግን በመጪው ወር የመጀመሪያ ሐሙስ ተመልሶ ሊሰማኝ ይመጣል። የእሱንና የእማማን እውነት እናገራለሁ። ያንተ መሄድ ግን ያንተ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰው ታሪክ ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ። ልናገረው ወይስ ልተወው? የመልስ ደብዳቤ እስከዚያ ሐሙስ አይደርስምና ደውልልኝ።

ሄዘርን ሳምልኝ። ለኤፊ፣ ሹራቧን ጨርሼ እልካለሁ በላት። ለካለም ደግሞ፣ አክስትህን ናፍቀሃታል በለው። አባባ መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ሰላምታው ከሁሉ ይቀድም ነበር።

እህትህ ኢሽቤል
አርድቫን፣ ስኮትላንድ
ኖቬምበር 14 ቀን 1996