የተተኮሰው የጃይፑር መጎናጸፊያ

ሰኞ

ተኮስኩት። ጌታ ሆይ፣ ምን ነክቶኝ ነው!

የናኒን ቀይ መጎናጸፊያ። ናኒ ከጎናችን የሚኖሩ ሕንዳዊት አሮጊት ናቸው፤ ጆበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ከገባን ጀምሮ ጎረቤቴ ናቸው። "ቤቲ፣ ጠርዙ ተተርትሯል፣ ስፊልኝ። ቅዳሜ ሳፊያ ስትዳር ትለብሰዋለች" ብለው ሰጡኝ። ቤቲ ስሜ አይደለም፤ በእነሱ ቋንቋ "ልጄ" ማለት ነው። ሳፊያ የልጃቸው ልጅ ናት።

ጠርዙን አሳምሬ ሰፋሁ። ከዚያ ጨርቁ የተጨማደደ መሰለኝና ካውያ አነሳሁ። ነገሩ የገባኝ ግማሹ ልሙጥ ከሆነ በኋላ ነው። ቀዩ ላይ የተዘራችው እያንዳንዷ ነጭ ነጥብ ሾል ብላ ቆማ ነበር። አሁን ግማሹ ጀፕ ገበያ ላይ በጥቅል የሚሸጠውን የፋብሪካ ጨርቅ መስሏል።

ማክሰኞ

ባለቤቴ ታደለ ዛንድስፕሩት መንደር ያለውን ስፓዛ ሱቃችንን ሊከፍት ሲወጣ ነገርኩት። "ዓይናቸው ደካማ ነው፤ አጣጥፈሽ ስጪያቸው" አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ዋልኩ። ዓይናቸው ደካማ ነው፣ እውነት ነው። ጣታቸው ግን ደካማ አይደለም። መስፊያ ማሽኔ ላይ ሆኜ የአንዷን ደንበኛ ዚፕ ገልብጬ ሰፋሁት።

ረቡዕ

ነገርኳቸው። ደጃፋቸው ላይ እንደቆምኩ፣ "ናኒ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ተኩሼዋለሁ።"

ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ልሙጡ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሳፊያ ሻይ አመጣች፤ ማንም አልቀመሰውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ "ያሰረችው እናቴ ናት" አሉ። እናታቸው የተወለዱት ጃይፑር ነው፤ ሕንድ ውስጥ ያለ የድሮ የነገሥታት ከተማ፤ ቀለም ነካሪዎች ሰፈር። እያንዳንዷ ነጥብ በጥፍር ተቆንጥጣ በክር ትታሰራለች። ከዚያ ጨርቁ ሲነከር የታሰረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ክሩ ሲፈታ ጭምድዱ አይጠፋም፤ በእጅ መሠራቱን የሚመሰክረው እሱ ነው። እኔ ምስክሩን ነው የተኮስኩት።

ልወጣ ስል "እንደገና ብናስረውስ? በጫፉ ልሞክር?" አልኳቸው።

"ሞክሪ" አሉ። ተስፋ ግን አልነበራቸውም።

ሐሙስ

ሃያ ነጥብ አሰርኩ። ጀበና አፍ ላይ በሚወጣ እንፋሎት አሞቅኩት፣ አደረቅኩት፣ ፈታሁት። ሾል አሉ! ትንሽ ዝቅ ያሉ ቢሆኑም ቆመዋል። አጥር ላይ ሆኜ ተጣራሁ። ናኒ ወንበራቸውን አስይዘው ከሳፊያ ጋር መጡ። "ክርሽ ላላ ያለ ነው" ብለው ጀመሩ።

ስናስር ዋልን፤ እሳቸው ስለ ጃይፑር እያወሩ። ንጉሡ ከተማውን በዘጠኝ ከፍሎ መሠረተው፤ ለጌጥ ሠሪውም፣ ለድንጋይ ጠራቢውም፣ ለቀለም ነካሪውም የየራሱን ጎዳና ሰጠ። የባዕድ ልዑል ሊጎበኝ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ሮዝ ተቀባ፤ ያው እስከ ዛሬ ሮዝ ነው። ለቤተ መንግሥቱ ሴቶች ደግሞ ፊቱ መስኮት ብቻ የሆነ ፎቅ ተሠራላቸው፤ ሳይታዩ ጎዳናውን እንዲያዩ።

"እናቴ ምን ትል ነበር መሰለሽ? እነሱ እኛን ያዩ ነበር፤ እኛ ደግሞ የለበሱትን ልብስ ማን እንዳሰረው እናውቅ ነበር።"

"መቼ ነው ያዩት ከተማውን?" አልኩ።

"እኔ? አላየሁትም። የተወለድኩት እዚሁ ጆበርግ ነው።"

የኔም ልጅ የተወለድኩባትን ከተማ፣ ሆሳዕናን፣ አላየችም። ስለ ሆሳዕና ምን ነግሬያታለሁ? ጠዋት ጠዋት የምላት "ቶሎ በይ፣ ታክሲው ያመልጥሻል" ብቻ ነው። ይኸው ነው።

ዓርብ

ጣቴ ቆስሏል፤ የሳፊያም። ናኒ ምንም አልሆኑም። ከሰዓት መዳፍ የምታህል ቦታ ሲቀር ከሥር ያነጠፍኩት ነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ አየሁ። ቀለሙ መልቀቅ ጀምሯል። እንፋሎቱን አራቅኩ።

"በቃ" አሉ ናኒ። የቀረው ቀረ።

ቅዳሜ

ክሩን አንድ በአንድ ልፈታ መቀስ ሳነሳ ናኒ ሳቁብኝ። ሳፊያ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ይዘን አግድም ሳብነው። ጣ ጣ ጣ! ክሩ እየተበጠሰ ፊታችን ላይ ተበተነ። ሳፊያ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ናኒ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። መዳፍ የምታህለው ልሙጥ ቦታ ላይ ቆዩ። ከዚያ አለፉና የሳፊያ ራስ ላይ ጣሉት።

ሰርጉ ላይ አንዲት የናኒ ዘመድ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ አገላበጠችው። "እንዲህ ያለ አሁን የለም። ማን ነው ያሰረው?"

ናኒ ክንዴን ያዙ። "እናቴ፣ እና ይህቺ ጎረቤቴ" አሉ።

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።