አምቡላንስ አያስፈልገንም ያለው ጓደኛዬ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለኢዩኒስ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ቀዶ ጥገናው ከተደረገልሽ ወዲህ ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመርሽ ወይስ አሁንም አሊስተርን ትደገፊያለሽ? እሱንስ ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ በጎቹም ጭምር ደህና ናቸው? እዚያ ኒውዚላንድ አሁን አበባው የሚፈነዳበት ወቅት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ነብራስካ ግን በቆሎው ተሰብስቦ አልቆ ሜዳው ራቁቱን ቀርቷል፤ ጠዋት ጠዋት የመኪናዬ መስታወት ላይ ውርጭ ይጋገራል። እኔ ከጆሮዬና ከንዴቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬን መድፉ እንደወሰደው ታውቂያለሽ፤ በስልክ ስትጮኺብኝ አንዱን ቃል ሰምቼ ሌላውን ስለምገምት ነው መጻፉን የምመርጠው። ንዴቴን የሚወስድልኝ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ባለፈው ስትጽፊልኝ «በሰባ ሦስት ዓመትህ ለምርጫ መወዳደር ምን አመጣው? አርፈህ ዓሣህን አታጠምድም?» ብለሽ ተቆጥተሽኛል። ወሬውን የነገረችሽ ልጄ ጆሊን መሆን አለባት። እውነት ነው፣ ለወረዳችን ምክር ቤት እየተወዳደርኩ ነው። እንዴት እዚህ ውስጥ እንደገባሁ ከሥሩ ላጫውትሽና ከዚያ በኋላ ፍረጂኝ።

የሁሉም መነሻ አምቡላንሱ ነው። የሃርላን ክሪክ አምቡላንስ በበጎ ፈቃደኞች ሲሠራ እንደኖረ ታስታውሻለሽ፤ አባባም ነድቶታል። ባለፈው ዓመት ግን ነጂዎቹ አረጁ፣ ወጣቱ ወደ ኦማሃ ከተማ ነጎደ፣ መኪናውም መንገድ ላይ መቆም አመጣ። የከተማችን ሆስፒታል ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚቀርበን ሆስፒታል መንገዱ ደህና ሲሆን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል። ስለዚህ ደሞዝተኛ የአምቡላንስ ሠራተኞች ለመቅጠር በቤትና በመሬት ግብር ላይ ትንሽ ትጨመር ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ትንሽ ስልሽ የእውነት ትንሽ ናት፤ አንድ ቤተሰብ እሁድ ቀን ውጭ ምሳ ከሚበላበት አትበልጥም።

እኔም እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስላቃተኝ በየቤቱ እየዞርኩ ማንኳኳት ጀመርኩ። ሰዎቹ የቀድሞ ወታደር መሆኔን የሚናገረውን ቆቤን ሲያዩ በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱና «ስላገለገልከን እናመሰግናለን» ይሉኛል። ስለ ግብሩ ስጀምር ፊታቸው ጭምድድ ይላል። አንዷማ «አንተን የመሰለ አገር ወዳድ ሰው እንዴት ከእነዚያ ሊበራሎች ጋር ይቆማል?» ስትለኝ ደሜ ፈላ። «እመቤቴ፣ አገር ማለት ባንዲራው ብቻ ነው እንዴ? ባንዲራው ሥር ታሞ የወደቀውስ ሰው?» አልኳት። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጨዋ ናት፣ ፊቴ ላይ አልደረገመችውም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን መርል ነው። መርል ትቬትን አልረሳሽውም መቼም፤ ከአጥራችን ማዶ ያደገው፣ በሠርግሽ ቀን ከአንቺ ጋር መጨፈር ፈርቶ ጎተራ ውስጥ የተደበቀው። አብረን ለውትድርና ተመለመልን፣ አብረን ቬትናም ሄድን፣ አብረን ተመለስን። ጠዋት ጠዋት በዶሪን ምግብ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁርስ እንበላለን። ያን ሰሞን እንቁላሉን እየቆረጠ «ግብር ማለት በሕግ የተፈቀደ ዘረፋ ነው፤ እኔ የመንግሥት እጅ አላይም» አለ።

«መርል፣ ጆሮህ ላይ የሰካኸውን መስሚያ ማን ሰጠህ? ዳሌህን ማን ቀየረልህ? በድርቁ ዓመት ለበቆሎህ የካሰህስ ማን ነው?» አልኩት። «እሱ ሌላ ነው። እሱን ለፍቼበታለሁ» አለኝ። «ዶሪንስ? ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ቡና ስትቀዳልህ አልለፋችም? ታዲያ ጥርሷን መታከሚያ ለምን አጣች?» ስለው ዶሪን ራሷ «እኔን ነገራችሁ ውስጥ አታስገቡኝ፤ ጉርሻዬን የማገኘው ከሁለታችሁም ነው» ብላ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። መርል ተነሣ፤ «ስዊድን ሂድ፣ አንተ ኮሙኒስት!» አለኝና የእኔንም ሒሳብ ጨምሮ ከፍሎ ወጣ።

እንግዲህ እኔን ጨጓራዬን የሚልጠኝ ይኸው ነው፣ ኢዩኒስ። እኔና መርል ከአሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ጀምሮ የመንግሥት ሐኪም ሲያክመን የኖርን ሰዎች ነን። የአንቺን ጉልበት የቀየረው ሐኪም ቤት ማን እንደሆንሽና ምን እንዳለሽ ሳይጠይቅ ነው የቀየረልሽ፤ እዚህ ግን ለእኛ ሲሆን መብት ይባላል፣ ለዶሪን ሲሆን ልመና። ጆሊን የስድስት ዓመት ሕፃናትን ፊደል ታስተምራለች፤ ከፊደሉ ጋር ደግሞ መሣሪያ የያዘ ሰው ቢመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተው ትንፋሽ ሳያሰሙ እንዴት እንደሚደበቁ ታለማምዳቸዋለች። እኔ መሣሪያ ይዤ ተዋግቻለሁ፤ በሰው ገላ ላይ ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ዳቦ በየመንገዱ አይሸጥ ብዬ ስናገር ግን አገሩን የሚጠላ እባላለሁ። ባልወዳት ኖሮ ይህን ያህል አንጀቴን ታሳርረኝ ነበር?

ድምፁ ተቆጠረና በጥቂት ሰዎች ተሸነፍን። የገና በዓል ሳይደርስ አምቡላንሱ ቆመ፣ መኪናውም ለሌላ ወረዳ ተሸጠ።

ጥር ወር ውስጥ፣ በረዶው ሲወርድ አድሮ ከተማውን በዋጠበት ጠዋት፣ በሬ በኃይል ተደበደበ። ስከፍት አራሴሊ ናት። አራሴሊ ከጓቲማላ የመጣች ጎረቤቴ ናት፤ እሷም ባሏም ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ ነው የሚሠሩት። በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ቆማ ሆዷን አቅፋ ትንቀጠቀጣለች፤ የሽርት ውኃዋ ፈሷል። ባሏ ሥራ ላይ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የእኔ መኪና እስከ አንገቷ ተቀብራለች። በአካባቢው ከፊቱ የበረዶ መግፊያ የተገጠመለት ፒካፕ ያለው መርል ብቻ ነው። መርል ደግሞ ስለ ስደተኞች የሚናገረውን ልጻፍልሽ ብል ወረቀቱ ያፍራል።

ደወልኩለት። «አራሴሊ ምጥ ይዟታል» ስለው ስልኩን ዘጋው። ወዲያው የሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርት ደርቦ ደረሰ፤ እሷን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ተሸክሞ ከኋላ አስገባት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። እሱ በረዶውን እየገፋ ይነዳል፤ እሷ በስፓኒሽ ትጮኻለች፤ እሱ በእንግሊዝኛ «አይዞሽ እመቤቴ፣ ደርሰናል፣ ደርሰናል» ይላታል። ገና የመንገዱን እኩሌታ እንኳ አልሄድንም ነበር።

ከድልድዩ ወዲያ ነፋሱ በረዶውን እንደ ግድግዳ ቆልሎት አላሳልፍ አለን። ልጁም አልጠብቅም አለ። መርል ወደ ኋላ ተሻግሮ መጣና «ስንት ላም አዋልጃለሁ፤ ያው ነው» አለ። ሕፃኗ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሰማያዊ ሆና፣ ያለ ድምፅ ወጣች። መርል የተጠመጠመውን በጣቱ ፈታ፣ አፏን ጠረገላት፣ ጀርባዋን አሸት አሸት አደረጋት። «ነይ እንጂ፣ ነይ የኔ ቆንጆ፣ ተንፍሺ» እያለ ለመናት። ስታለቅስ እሱም አለቀሰ። ጦር ሜዳ ላይ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። ሕፃኗን በካፖርቱ ጠቅልሎ ለእናቷ አስታቀፋትና በሌሊት ልብሱ ብቻ ወርዶ፣ በአካፋ እየዛቀ መንገዱን ከፈተ።

ሆስፒታል ስንደርስ አራሴሊ ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ሐኪሟ ወጥታ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እናትየዋን አናገኛትም ነበር» አለችን። ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ልጅቷን ኒዬቬስ አሏት፤ በእነሱ ቋንቋ በረዶ ማለት ነው።

እኔ ሞኙ፣ መርል ከእንግዲህ ይለወጣል ብዬ ልቤ ሞቀ። ብዙም ሳይቆይ ዶሪን ቤት ቁርስ ላይ፣ ሰው ሁሉ ከቦት ታሪኩን ሲያወራ ደረስኩ። ጨርሶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ አይደል? አምቡላንስ ምን ይሠራልናል? ጎረቤት ካለ በቂ ነው!» አለ። ሰዉም አጨበጨበለት።

ወንበሬን ገልብጬ ተነሣሁ። «ሴትዮዋ ደሟ ሊያልቅ ነበር! ሕፃኗ ሞታ ነበር የወጣችው! ያን ቀን ኦማሃ ሄደህ ቢሆንስ? የበረዶ መግፊያ ባይኖርህስ?» ብዬ ጮኽኩ። «ነበረኝ እኮ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። «ስደተኞቹ ሁሉ ተጭነው ይሂዱ ትላለህ፤ አራሴሊስ ትሂድ?» አልኩት። ጥያቄዬ ገረመው። «አራሴሊማ አራሴሊ ናት። እሷን አውቃታለሁ» አለ።

ይህች መልስ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። የሚያውቀው ሰው ሲሆን በውርጭ በሌሊት ልብስ አካፋ ይዞ ይወርዳል፤ ለማያውቀው ሰው ግን ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አንዲት ምልክት ማድረግ ይከብደዋል። መርል ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ፤ ከተማው እንዳለ እንደዚሁ ነው፣ አገሩም እየባሰበት ነው። ደግነታችን ዓይናችን እስከሚያይበት ድረስ ይሄድና እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ሌባ ወይም ሰነፍ ይመስለናል። ይህን የሚያሳምኑን ደግሞ ዋሽንግተን ሄደው የሚነግዱብን ፖለቲከኞች ናቸው። የእኔ ወገን የምላቸውም ቢሆኑ መጥተው የዶሪንን ወንበር አሙቀውት አያውቁም፤ ከሩቅ ሆነው ደደብ ይሉናል፣ ከዚያ ለምን አልመረጣችሁንም ብለው ይገረማሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሪን ቤት መሄድ ተውኩ፤ ከመርልም ጋር ተኳረፍን። በረዶው ሲቀልጥ ለምክር ቤቱ ተመዘገብኩ። የያዝኩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አምቡላንሱ ይመለስ። አራሴሊ «እኔ መምረጥ አልችልም፤ ሰሌዳ መትከል ግን አይከለክሉኝም» ብላ ኒዬቬስን በጀርባዋ አዝላ ስሜ የተጻፈበትን የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳ በየግቢው ስትተክል ሰነበተች። መርል በበኩሉ የተፎካካሪዬን ሰሌዳ፣ የበር መዝጊያ የሚያህለውን፣ አጥሩ ላይ በሽቦ አሰረው።

ባለፈው ሳምንት ከባድ ነፋስ ተነሥቶ አደረ። ጠዋት በመስኮት ስመለከት አንድ ሰው ግቢዬ ውስጥ ተንበርክኮ መዶሻ ያነሣል። ወጣሁ፤ መርል ነው፤ የእኔን ሰሌዳ እየተከለ።

«ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «ነፋሱ ጥሎት ነው» አለ ቀና ሳይል። «ልትመርጠኝ ነው ማለት ነው?» ስለው «አብደሃል? አንተ ከተመረጥክ በግብር እርሻዬን ነው የምታሸጠኝ!» አለኝ። «ታዲያ ለምን ታቆመዋለህ?» አልኩት። ችካሉን አንዴ መታው። «ስምህን ጭቃ ውስጥ ሳየው ደስ አላለኝም» አለና፣ መዶሻውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እያነከሰ ሄደ።

ልሮጥና ላቅፈው ፈለግሁ፣ ደግሞም ልመታው ፈለግሁ። ሁለቱንም ሳላደርግ ቆሜ ቀረሁ። መሸነፌ አይቀርም፣ ኢዩኒስ፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። «ያን የተበላሸ አገር ትተህ ወደ እኛ ና» ስትዪኝ የማልመጣው ግን እልኸኛ ስለሆንኩ አይደለም። የሚያናድደኝም ሰሌዳዬን የሚያነሣልኝም አንድ ሰው ሆኖብኝ ነው፤ እሱን ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ?

አሊስተርን ሳሉን ችላ እንዳይለው ቆጣ ብለሽ ንገሪልኝ። ልጅሽን ፊዮናን ስለላከችልኝ የሱፍ ካልሲ አመስግኚልኝ፤ አሁን አድርጌው ነው የምጽፈው። ትንሹን የልጅ ልጅሽን ካለምን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ዓሣ ማጥመዱን እንዳይተው በይው። ጆሊን እጅሽን ትስማለች። አራሴሊም ባታውቅሽም ሰላም በዪልኝ ብላኛለች። አንቺ ደግሞ ደረጃ ስትወጪ መደገፊያውን ያዢ።

ወንድምሽ ሌላንድ

ሃርላን ክሪክ፣ ነብራስካ
ኦክቶበር 16 ቀን 2022